የጥንት ቻይና ሐኪሞች ስለ ወንድ ዘር ያስተማሩት

በፈረንጆች አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በ1973 ዓ.ም. በቻይና አገር በሁናን ግዛት፣ ከቻንግሻ ከተማ አጠገብ ማዋንግዱዪ በሚባለው ስፍራ፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ168 ዓመት የተዘጋ አንድ የመኳንንት መቃብር በተቈፈረ ጊዜ፣ በሐርና በቀርከሃ ላይ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ተገኙ። ከነዚህም መካከል ስለ ባልና ሚስት መኝታ፣ ስለ ወንድ ኃይልና ስለ ዘር አጠባበቅ የሚናገሩ ነበሩ። ዘመዶቹ ለሟቹ እነዚህን ከፍልስፍናና ከሥነ ከዋክብት መጻሕፍት ጋር አንድ ላይ ሲያኖሩለት ነገሩን ከዕውቀት እንጂ ከነውር አልቈጠሩትም፤ እኔም ዛሬ በዚሁ መንፈስ፣ በብዙ ቤት በሹክሹክታ ብቻ የሚነገረውን ይህን ጕዳይ በግልጽና በጨዋ ቃል ላነሣው እወዳለሁ።

የጥንት ቻይና ሐኪሞች ስለ ወንድ ዘር ላስተማሩት ትምህርት ዋናው ምንጭ «የቢጫው ንጉሠ ነገሥት የውስጥ መጽሐፍ» የተባለው ጥንታዊ ድርሰት ነው። በዚያ መጽሐፍ ንጉሡ ቺ ቦ የተባለውን ሐኪም፣ የቀድሞ ሰዎች እስከ መቶ ዓመት ጕልበታቸው ሳይደክም ሲኖሩ የዛሬዎቹ ገና በኀምሳ ዓመታቸው የሚያረጁት ስለ ምን እንደ ሆነ ይጠይቀዋል፤ ሐኪሙም የቀደሙት በመብልና በመጠጥ፣ በሥራና በዕረፍት ልክ እንደ ነበራቸው፣ የኋለኞቹ ግን መጠጡን እንደ ውሃ እየጠጡ፣ ሰክረው ወደ መኝታቸው እየገቡ፣ በፈቃደ ሥጋ ብዛት ኃይለ ሕይወታቸውን እንደሚጨርሱ ይመልስለታል። በነዚህ ሊቃውንት አስተሳሰብ ሰው ከወላጆቹ የሚወርሰው፣ «ጂንግ» የሚሉት ረቂቅ ንጥር አለ፤ ማደሪያውም ኩላሊት ነው። ልብንና ኩላሊትን ወደሚመረምር አምላክ ስንጸልይ ላደግነው ለእኛ፣ ኩላሊትን የውስጥ ሰውነት ጓዳ ማድረጋቸው ብዙ እንግዳ አይሆንብንም። ይህ ንጥር አጥንትን ያጸናል፣ ጠጕርን ያሳድጋል፣ ዘር ሆኖም ልጅን ያስገኛል፤ በምግብና በዕረፍት የሚደገፍ ቢሆንም፣ ከልደት የተሰጠው ግን ካለቀ አይተካም ይላሉ።

የወንድንም ዕድሜ በስምንት በስምንት ዓመት ይከፍሉታል። በ8 ዓመቱ ጥርሱን ይለውጣል፤ በ16 ዓመቱ ዘሩ መልቶ ለመውለድ ይበቃል፤ በ32 ዓመቱ አጥንቱና ሥጋው ፈጽሞ ይጸናል፤ በ40 ዓመቱ የኩላሊቱ ኃይል መቀነስ፣ ጠጕሩም መርገፍ ይጀምራል፤ በ64 ዓመቱ ጥርሱም ጠጕሩም ይሄዳል። እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝ፣ የሴትን ዕድሜ በሰባት በሰባት ከቈጠሩ በኋላ ወንዱን ያለ ቍጥር አለመተዋቸው ነው፤ በብዙ አገር የመኻንነት ነቀፋ በሴቲቱ ትከሻ ላይ ብቻ ሲጫን በኖረበት ዓለም፣ የወንድ አብራክም ጊዜ እንዳለውና ጥንቃቄ እንደሚሻ በመጽሐፍ አኑረዋልና።

በታንግ ነገሥታት ዘመን የኖረውና በ682 ዓ.ም. ያረፈው ታላቁ ሐኪም ሱን ስሚያው ደግሞ ምክሩን ወደ ቍጥር አወረደው። የ20 ዓመት ጐልማሳ በ4 ቀን አንድ ጊዜ፣ የ30 ዓመቱ በ8 ቀን፣ የ40 ዓመቱ በ16 ቀን፣ የ50 ዓመቱ በ20 ቀን አንድ ጊዜ ዘሩን ቢያፈስ ይበቃዋል፤ 60 ዓመት የሞላው ይታቀብ፣ ሰውነቱ ብርቱ ከሆነ ግን በወር አንድ ጊዜ ይፈቀድለታል አለ። ቍጥሩን የዘመኑ ሕክምና እንደ ሕግ አይይዘውም፤ ነገር ግን የ20 ዓመቱንና የ60 ዓመቱን ሰው በአንድ ሚዛን አለመመዘኑ የአስተዋይ ሐኪም ሥራ ነው።

ችግሩ የመጣው አለቀ የተባለውን በመድኃኒት እንመልሳለን የሚሉ በበዙ ጊዜ ነው። የአጋዘን ለጋ ቀንድ፣ ጊንሰንግ፣ ልዩ ልዩ ሥርና ቅጠል፣ የወንድነት ኃይል ይጨምራል እየተባለ ተቀመመ። የሚንግ ንጉሠ ነገሥት ታይቻንግ በ1620 ዓ.ም. ዘውድ በጫነ በጥቂት ቀን ውስጥ ታመመ፤ የሕመሙንም ምክንያት ብዙዎች ከቤተ መንግሥት ሴቶች ጋር ልክ ማጣቱ ነው አሉ። አንድ ዝቅተኛ ሹም ቀይ ክኒን አቀረበለት፤ ንጉሡ ውጦ ቀለል ቢለው ሁለተኛ እንዲሰጡት አዘዘ፤ ያንንም ከዋጠ በኋላ ሌሊቱ ሳይነጋ ሞተ። ከነገሠ አንድ ወር አልሞላውም ነበር።

ከክኒኑ ይልቅ ብዙ ሰው የጐዳው ግን ዘር ፈስሶ ያልቃል የሚለው ፍርሃት ነው። በቻይናና በታይዋን «ሼንኩዪ»፣ ይኸውም የኩላሊት መጓደል የሚሉት ሕመም አለ፤ ወጣቱ ወገቤን ያመኛል፣ ራሴን ያዞረኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ እያለ፣ በሕልመ ሌሊት ወይም ብቻውን ባፈሰሰው ዘር ሕይወቱ ተንጠፍጥፎ ያለቀ መስሎት በጭንቀት ይመነምናል። ይህን ስሰማ እጅግ አዝናለሁ፤ ልጁን የሚያደክመው የወጣው ዘር ሳይሆን የተማረው ስጋት ነውና። የዘመኑ ሕክምና እንደሚያስረዳው የወንድ ዘር በቍጥር ተሰጥቶ የሚያልቅ ስንቅ አይደለም፤ ከጕርምስና ጀምሮ በየቀኑ በሚሊዮን የሚቈጠር ዘር ይሠራል፣ አንዱም ዘር ተሠርቶ ለመብሰል ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጅበታል። በ2016 ዓ.ም. የታተመ፣ ወደ 32 ሺሕ የሚጠጉ አሜሪካውያን ወንዶችን 18 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ በወር 21 ጊዜና ከዚያ በላይ ዘራቸውን ያፈሰሱት ከ4 እስከ 7 ጊዜ ካፈሰሱት ይልቅ በፕሮስቴት ካንሰር የመያዛቸው ዕድል በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ የሁለት ነገሮች አብሮ መታየት እንጂ አንዱ የሌላው ምክንያት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም፤ ቢሆንም የዘር መፍሰስ ሕይወትን ያሳጥራል ለሚለው ስጋት ድጋፍ አይሰጥም።

ቺ ቦ ስለ ስካርና ስለ ልክ ማጣት የተናገረው ግን ዛሬም ይጸናል፤ መጠጥ ሲበዛ፣ ትምባሆ ሲዘወተር፣ ዕድሜም ሲገፋ የዘር ጥራት ይጐዳል። ከቻይና የተገኘውን ሁሉ መናቅም ተገቢ አይደለም፤ ቱ ዩዩ የተባለችው ሊቅ ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሕክምና መጽሐፍ ፍንጭ ወስዳ፣ በቤተ ሙከራ ፈትና ያወጣችው የወባ መድኃኒት በ2015 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት አስገኝቶላታል፤ በእኛም አገር ብዙ ሕመምተኛ አድኗል። ያልተፈተነው ግን ያስፈራል፤ ንጹሕ የዕፅ መድኃኒት ነው ተብለው ለወንድነት ኃይል በሚሸጡ ክኒኖች ውስጥ ሲልዴናፊል የተባለው መድኃኒት ተደብቆ ደጋግሞ ተገኝቷል፤ ናይትሬት ለሚወስድ የልብ ሕመምተኛም ይህ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከገበያ ክኒን ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። አንድ ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ ልጅ የዘገየባችሁ ባሎችም፣ ሚስቶቻችሁን ብቻቸውን ከሐኪም ወደ ሐኪም፣ ከጠበል ወደ ጠበል አትስደዱ፤ ልጅ ከዘገየባቸው ቤቶች በግማሹ ያህል የወንዱም ድርሻ አለበትና፣ አብራችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው የዘር ምርመራ ቢላዋም መርፌም የለበትም፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ዘር ከማፍሰስ ታቅቦ፣ በንጹሕ ዕቃ ናሙና መስጠት ብቻ ነው።