ከመርከብ አዛዥነት ወደ ሕዝብ እንደራሴነት

በመምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



በጦር ሜዳ የዋለ መኮንን መሣሪያውን ሰቅሎ ለሕዝብ እንደራሴነት በተወዳደረ ጊዜ መራጩ ሕዝብ አስቀድሞ የሚያየው ጀግንነቱን ነው። ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ስለ ወገኑ ነፍሱን ለመስጠት የቆረጠ ሰው ስለ ወገኑ ጥቅም ለመናገር አይሰንፍም ተብሎ ይታመናልና። ነገር ግን ማዘዝና መምከር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በመርከብ ላይ አዛዡ ይናገራል፤ ሌላው ይፈጽማል። በምክር ቤት ግን አንዱ ሐሳብ ያቀርባል፤ ሌላው ይቃወማል፤ በመጨረሻም የሚረታው የድምፅ ብልጫ ነው። ስለዚህ እንዲህ ላለው ተወዳዳሪ የሚገባው ጥያቄ «በጦርነት ጊዜ ምን ሠራህ?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «ለሰላሙ ጊዜ ምን ይዘህ መጣህ?» የሚለውም ጭምር ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጡት ሰዎች አንዱ በአሜሪካ አገር የደቡብ ካሮላይና ተወላጅ የሆነው ሮበርት ስሞልስ ነው። የእርሱ መልስ ትምህርት ቤት ስለ ነበረ ታሪኩ በመምህራን ጉባኤ ሊነገር የተገባ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስሞልስ በ1839 በቢውፈርት ከተማ ከባሪያ እናት ተወለደ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ጌታው ወደ ቻርልስተን ከተማ ልኮ በቀን ሥራ አስቀጠረው፤ ከደመወዙም የሚበዛው የሚገባው ለጌታው ነበር። በወደቡ ላይ ሲሠራ የባሕሩን ጠባይና የመርከብ አነዳድን ተማረ፤ ፊደል ግን አልተማረም። ይህም ከስንፍና የመጣ አልነበረም። ደቡብ ካሮላይና በ1834 ባወጣው ሕግ ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር የሚያስቀጣ ወንጀል ነበርና። የባሪያ ጌቶች ፊደል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

በ1861 በሰሜንና በደቡብ ግዛቶች መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ስሞልስ «ፕላንተር» በተባለች የደቡቦች የጦር ማመላለሻ መርከብ ላይ መሪ ጨባጭ ሆኖ ይሠራ ነበር። በግንቦት ወር 1862 አንድ ሌሊት ነጮቹ መኮንኖች ወደ ከተማ ወርደው ባደሩ ጊዜ፥ የሃያ ሦስት ዓመቱ ወጣት ከባልንጀሮቹ ጋር መርከቧን አስነሣ። ሚስቱንና ልጆቹን፥ የሌሎቹንም ቤተ ሰቦች ከተቀጣጠሩበት ስፍራ አሳፍሮ፥ የአዛዡን የገለባ ባርኔጣ ደፍቶ፥ በየምሽጉ ፊት የተለመደውን የፉጨት ምልክት እየሰጠ አለፈ። ከመድፎቹ ክልል ከወጣ በኋላ ነጭ ጨርቅ ሰቅሎ መርከቧን ከጫነችው መድፍ ጋር ለሰሜን ባሕር ኃይል አስረከበ። በዚያች ሌሊት አሥራ ስድስት ነፍሳት ከባርነት ወጡ።

ከዚህም በኋላ ለሰሜኑ ወገን ማገልገሉን ቀጠለ። በ1863 መጨረሻ ፕላንተር በጠላት ተኩስ መካከል በገባች ጊዜ ነጩ አዛዥ ፈርቶ በከሰል ማኖሪያው ውስጥ ሲሸሸግ ስሞልስ መርከቧን መርቶ ከአደጋ አወጣት፤ ስለዚህም አዛዥነቱ ለእርሱ ተሰጠው። የሹመቱ ወረቀት ግን እንደ ሥራው የጸና አልነበረም። የባሕር ኃይል መኮንን ነው ወይስ ተቀጣሪ ሠራተኛ የሚለው ክርክር ለብዙ ዓመታት ቆይቶ፥ በ1897 የአሜሪካ ምክር ቤት በልዩ ሕግ የባሕር ኃይል ካፒቴን ጡረታ እንዲሰጠው ወሰነ። የሕዝቡ ፍርድ ግን ወረቀቱን አልጠበቀም፤ ገና ከጥንቱ «ካፒቴን» ብሎ ይጠራው ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ጀግንነቱ በጋዜጣ የተነገረለት፥ የመርከብ አዛዥ ለመሆን የበቃው ይህ ሰው በጊዜው በሚገባ ማንበብ አይችልም ነበር። በ1864 ፕላንተር ለጥገና ወደ ፊላዴልፊያ በሄደች ጊዜ መምህር ይዞ ፊደል መቁጠር ጀመረ። ብዙ ሰው ክብር ካገኘ በኋላ አላዋቂነቱን ይሸሽጋል፤ ስሞልስ ግን ከመምህር ፊት ተቀመጠ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ መርከቧ በ1866 ከአገልግሎት ስትወጣ እርሱም ወደ ተወለደበት ከተማ ተመለሰ። በ1867 የፌዴራሉ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ በደቡብ ያሉ ጥቁር ወንዶች ድምፅ ለመስጠት ተፈቀደላቸው። በ1868 መጀመሪያ አዲስ ሕገ መንግሥት ለማውጣት በቻርልስተን ጉባኤ ተሰበሰበ፤ ከ124ቱ ተወካዮች 76ቱ ጥቁሮች ነበሩ። ስሞልስ ከቢውፈርት ተመርጦ ገባ፤ በዚያው ዓመትም ለግዛቱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተወዳድሮ አሸነፈ፤ በ1870 ደግሞ ወደ ሕግ መወሰኛው ተሻገረ። ለመራጮቹ የሚናገረው በዚያ ባሕር ዳር ደሴቶች በሚነገረው በገዛ ቋንቋቸው ስለ ነበረ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነበር።

በሕገ መንግሥቱ ጉባኤ ላይ ይህ የጦር ሰው ያቀረበው ሐሳብ ስለ ጦር መሣሪያ ወይም ስለ ወታደር ጡረታ አልነበረም። ትምህርት ቤት ለሁሉ ልጅ ያለ ክፍያ ይከፈት፥ መማርም ግዴታ ይሁን አለ። በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከስድስት እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች ቢያንስ ሃያ አራት ወር እንዲማሩ፥ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶችም ዘርና ቀለም ሳይለዩ እንዲቀበሉ ደነገገ። ማስተማር ወንጀል ከሆነበት ከ1834 እስከዚህ ድንጋጌ ሠላሳ አራት ዓመት ብቻ ነው። በእርግጥ ሕጉ እንደ ተጻፈ አልተፈጸመም፤ የነጭና የጥቁር ልጆች በአብዛኛው ተለያይተው ተማሩ፤ ግዴታውም በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ቢሆንም መሠረቱ ተጣለ።

የስሞልስ መንገድ ከዚያ በኋላ የተቃና አልነበረም። በ1875 ወደ ፌዴራሉ ምክር ቤት ገባ፤ ነገር ግን የቀድሞዎቹ ገዢዎች ወገን በጉልበትና በማስፈራራት ሥልጣኑን በመለሰ ጊዜ በ1877 ጉቦ ተቀብለሃል ተብሎ ተፈረደበት፤ በ1879 ምሕረት ተደረገለት። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ክሱ ከፖለቲካ ጠብ የመነጨ ነው ይላሉ።

በ1895 ደቡብ ካሮላይና ሌላ ሕገ መንግሥት ለማውጣት ጉባኤ ጠራች። በዚህ ጊዜ የተገኙት ጥቁር ተወካዮች ስድስት ብቻ ሲሆኑ ከእነርሱ አንዱ ያው የመርከቡ አዛዥ ነበር። የጉባኤው ዋና ዓላማ የጥቁሩን ድምፅ መንጠቅ ነበር። የተመረጠውም ብልኃት፥ መምህራን ሆይ፥ ፊደል ነው። ድምፅ ሰጪ ለመሆን የሚመዘገብ ሰው ከሕገ መንግሥቱ አንዱን ክፍል አንብቦና ጽፎ እንዲያሳይ፥ አለዚያም ንብረት እንዲኖረው ታዘዘ፤ ማንበቡን የሚፈርደውም መዝጋቢው ነው። መዝጋቢው የወደደውን ያሳልፋል፤ የጠላውን ይጥላል። ስሞልስ ተከራከረ፤ በድምፅ ተሸነፈ፤ በሕገ መንግሥቱም ላይ አልፈርምም አለ። እንዲህ ያለው የማንበብ ፈተና በ1965 በወጣው የምርጫ መብት ሕግ ደቡብ ካሮላይናን በመሳሰሉ ግዛቶች ታገደ፤ በመላው አሜሪካ ከመራጮች ፊት የተነሣው ግን ሕጉ በ1970 ከተሻሻለ ጀምሮ ነው።

የአገራችን ሰው «የተማረ ይግደለኝ» ይላል። የ1895ን ሕግ ያረቀቁት የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ የገደሉትም ባልተማረው ላይ ነው። በ1868 አንድ ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው ፊደልን ለሁሉ የሚከፈት በር አድርጎ አቀረበ፤ በ1895 ግን ከልጅነታቸው ፊደል ያልተከለከሉ ሰዎች ያንኑ ፊደል መቀርቀሪያ አደረጉት። ፊደሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በያዘው ሰው ልብ ነው።

ስሞልስ በ1915 በቢውፈርት አረፈ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ2023 አንዲት የጦር መርከብ በስሙ ሰይሟል፤ ይህም ለመርከብ አዛዡ የተገባ ክብር ነው። ለሕዝቡ እንደራሴ የሚገባው መታሰቢያ ግን በየመንደሩ የሚከፈት፥ ከደጁ ማንም የማይመለስበት ትምህርት ቤት ነው። መራጭ ሕዝብ የጦር ጀግና በፊቱ ሲቆም ጀግንነቱን ያክብር፤ የሚያቀርበውንም ሕግ ይመርምር። ይህን መመርመር የሚችል ዜጋ ደግሞ ከየትም አይመጣም፤ ዛሬ በመምህሩ ፊት ከተቀመጡት ልጆች መካከል ይወጣል።