ሕፃናት የእግዚአብሔር አደራ ናቸው፤ በመኪና ጕዞ ስለሚገባቸው ጥበቃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ሕፃን ሲወለድ ወንድ ቢሆን በ40 ቀኑ፣ ሴት ብትሆን በ80 ቀኗ ወደ ቤተ ክርስቲያን እናመጣለን። ካህኑ ያጠምቀዋል፤ በሜሮን ያትመዋል፤ በአንገቱ ማተብ ያስርለታል፤ ከቅዱስ ሥጋውና ከክቡር ደሙም ያቀብለዋል። የክርስትና አባቱም በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ አደራውን ይቀበላል። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ግን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የምናየው ነገር ልባችንን ያሳዝነዋል። እናት ሕፃኑን ታቅፋ ከነጂው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ታላቅ ወንድሙ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ይቆማል፤ እኅቱም ግማሽ አካሏን በመስኮት አውጥታ እጇን ታወዛውዛለች። ነጂው ጡሩምባውን እየነፋ ይገሠግሣል። በጸሎትና በመስቀል የተቀበልነው አደራ ገና ከደጀ ሰላሙ ሳይርቅ ለአደጋ ተሰጠ ማለት ነው።

ይህን የምንናገረው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም፤ እኛም በዚህ በደል ተካፋዮች ነበርንና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ክርስትና በኋላ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ቤታቸው ስንሄድ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጠን የሁለት ዓመት ልጅ በጉልበታችን ይዘን ነበር። የተጫነ አህያ በድንገት ወደ መንገዱ ገባ፤ ነጂውም ፍሬን ያዘ። መኪናው ከምንም ነገር አልተጋጨም፤ ነገር ግን አጥብቀን ይዘነዋል ያልነው ልጅ ከእጃችን ወጥቶ በግንባሩ ከፊት ለፊታችን ካለው ብረት ተላተመ። በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ፤ የግንባሩ ጠባሳ ግን እስከ ዛሬ አለ። ባየነው ቍጥር እጃችን ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ያስታውሰናል።

ብዙዎች ግን «የሚጠብቅ እግዚአብሔር ነው፤ መኪናችን ጠበል ተረጭቷል፤ የቅዱስ ገብርኤልም ሥዕል ከመስተዋቱ ላይ አለ» ይሉናል። እውነት ነው፤ የሚጠብቅ እግዚአብሔር ነው። ጠበሉም ሥዕሉም በረከት ነው። ይሁን እንጂ ሦስቱን ሕፃናት ከእቶን እሳት፣ ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ጋን ያዳነውን መልአክ በምናስብበት ጊዜ ይህንንም እናስተውል፤ እነዚያ ቅዱሳን ስለ ሃይማኖታቸው በጨካኞች እጅ ተጣሉ እንጂ በቸልተኝነት ራሳቸውን ወደ እሳት አልወረወሩም። ዲያብሎስ ጌታችንን በቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ መላእክት ይደግፉሃልና ራስህን ወደ ታች ወርውር ባለው ጊዜ፣ ጌታችን አምላክን መፈታተን እንደማይገባ መለሰለት (ማቴ. 4፥5-7)። እንግዲህ የጥንቃቄውን ሥራ ትቶ ተአምር መጠበቅ እምነት ሳይሆን መፈታተን ነው።

የሙሴን እናት ዮካብድን እንመልከት (ዘጸ. 2)። ልጇን ለእግዚአብሔር አደራ ሰጥታ በወንዝ ዳር አኖረችው፤ ሆኖም እንዲሁ በውኃው ላይ አልጣለችውም። በልኩ ሣጥን ሠራችለት፤ ውኃ እንዳይገባበት ዝፍት ቀባችው፤ እኅቱንም በሩቅ ቆማ እንድትመለከት አደረገች። እምነቷ እጇን አላሰረባትም፤ ይልቁንም አሠራት። ደግሞም የኦሪት ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ እንዳይሞት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል (ዘዳ. 22፥8)። መከታ ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ባለቤት ላይ ነው። የዛሬው አውቶሞቢልም እንደዚያ ሰገነት ነው፤ መከታው ደግሞ የሕፃናት ወንበርና ቀበቶ ነው።

ስለ ምን ክንዳችን እንደማይበቃ በቍጥር እንናገር። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቢጋጭና በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት ሁለት ኩንታል ያህል ሆኖ ወደ ፊት ይሳባል። ሁለት ኩንታል በድንገት ሲወረወር በክንዱ የሚያስቀር ማን ነው? እናት ራሷም ቀበቶ ካላሰረች በልጇ ላይ ትወድቅበታለች። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑትም ከሞት ምክንያቶች ሁሉ የመጀመሪያው ይኸው ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ይህን አድርጉ። የጨቅላ ሕፃን ራስ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ከባድ፣ አንገቱም ገና ለስላሳ ነውና፣ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ በሚቀመጥበት የሕፃን ወንበር አስራችሁ በኋላ ወንበር አስቀምጡት። እንዲህ ያለውን ወንበር ኤርባግ ካለው የፊት ወንበር ላይ ከቶ አታኑሩ፤ በግጭት ጊዜ የሚነፋው ከረጢት ሕፃኑን ሊገድለው ይችላልና። ከፍ ሲል ለቁመቱና ለክብደቱ የተሠራ ወንበር ይሁንለት። የትልቅ ሰው ቀበቶ ብቻውን የሚበቃው፣ በትከሻውና በወገቡ አጥንት ላይ በልክ ሲያርፍ እንጂ አንገቱንና ሆዱን ሲያንቅ አይደለም፤ ይህም ቁመቱ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ሲጠጋ ነው። አንድ ቀበቶ ለእናትና ለልጅ በአንድነት አይታሰር። ልጅን በጉልበት አስቀምጦ መሪ ማስያዝም ፍቅር አይደለም።

«ወንበሩ ውድ ነው» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ነገር ግን ለክርስትና ድግስ ስንት እናወጣለን? የክርስትና አባትና እናት ሆይ፣ ለልጃችሁ ከምታመጡት ስጦታ ይህ አንዱ ቢሆን አደራችሁን በሥራ አሳያችሁ ማለት ነው። ልጁ ያደገበት ቤተሰብም ለሌላው ያውስ፤ በግጭት ያለፈውን ወንበር ግን ለማንም አይስጥ፤ ጕዳቱ በዓይን ሳይታይ ሊኖር ይችላልና። ወንበር ለማግኘት አቅም ያልፈቀደለትም ልጁን በኋላ ወንበር ያስቀምጥ፤ ዝግ ብሎም ይንዳ። በታክሲ የሚሄድ ሰው ነጂውን «ልጅ ይዤአለሁ፤ ቀስ በልልኝ» ለማለት አይፈር።

መኪናው በቆመበትም አደጋ አለ። በሰንበት ሕፃኑ ተኝቷል ብለው በመኪና ውስጥ ቆልፈውበት ወደ ቅዳሴ የሚገቡ አሉ። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሊሞቅ ይችላል፤ መስኮቱን ጥቂት መክፈትም አያድንም። የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከትልቅ ሰው ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ፈጥኖ ይግላል። ሕፃኑን ይዛችሁት ግቡ፤ ልቅሶው ቅዳሴውን ያውካል ብላችሁ አትፍሩ፤ ጌታችን ሕፃናት ወደ እርሱ እንዳይመጡ የከለከሉትን ገሥጿልና። በግቢያችሁም መኪናውን ወደ ኋላ ከመንዳታችሁ በፊት ወርዳችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ፤ ከመኪናው ኋላ የሚጫወት ልጅ በመስተዋት አይታይምና።

ታኅሣሥ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል የሚጓዙ ብዙዎች ልጅ ስለ ሰጣቸው ስለታቸውን ሊያደርሱ ይሄዳሉ። በስለት ያገኙትን ልጅ በጭነት መኪና ላይ ጭነው፣ እንቅልፍ ባሸነፈው ነጂ እጅ በሌሊት መጓዝ ምን ዓይነት ምስጋና ነው? በጊዜ መነሣት፣ በመንገድ ማረፍ፣ ቢዘገዩም በደኅና መድረስ ከስለቱ ይቈጠራል።

በመጨረሻ የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን እናስብ (2ኛ ሳሙ. 4፥4)። የሳኦልና የዮናታን መርዶ በተሰማ ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረ። ሞግዚቱ ልታድነው አንሥታው ሸሸች፤ ስትቸኵልም ወደቀና እግሩ ሽባ ሆነ። ትወደው ነበር፤ ያሰናከለው ችኮላ ነው። ንጉሡ ዳዊት በማዕዱ ቢያስቀምጠውም፣ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እግሮቹ አልዳኑም። ለምን ነገር ነው እኛስ የምንቸኵለው? ቀበቶ ለማሰር የምትበቃውን ጥቂት ጊዜ የነፈግነው ለማን ነው?

ወገኖቼ ሆይ፣ በአንገቱ ማተብ ያሰርንለትን ልጅ በወገቡ ቀበቶ ማሰር አይክበደን። አንዱ የእምነቱ ምልክት ነው፤ ሁለተኛው አደራውን ለመጠበቃችን ምስክር ነው። ነገ ማለዳ ሞተሩን ከማስነሣታችን በፊት እናማትብ፤ ካማተብን በኋላም ዘወር ብለን ልጆቻችን መታሰራቸውን እንይ።

ሕፃን ሆኖ በእናቱ ክንድ ወደ ግብፅ የተሰደደ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የልጆቻችንን መውጣትና መግባት ይባርክልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የመልአኩ የቅዱስ ገብርኤል ጥበቃ አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።