ስለ መንገደኛና ስለ አገሩ



አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሬዲዮ ቀርቦ፣ በመንግሥት ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ላገለገሉና ልጆች ላሳደጉ ሰዎች ስለ ጉዞና ስለ ኑሮ ምክር ልስጥ ቢል «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ሊያሰኝ እንደሚችል አልዘነጋሁም። ነገር ግን መንገድን በሚመለከት ተማሪ ከታላላቆቹ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ገንዘብ የሌለው መሆኑ ነው። ገንዘብ ያለው መንገደኛ በአውሮፕላን ከደመና በላይ ይሄዳል፤ ወይም በራሱ መኪና መስኮቱን ዘግቶ ያልፋል። ተማሪ ግን ጎሕ ሳይቀድ መናኸሪያ ወርዶ በአውቶቡስ ይሳፈራል፤ ከማያውቀው ሰው ጋራ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ አውቶቡሱ በቆመበት ሁሉ ይወርዳል፤ ምግብ ከማዘዙ በፊት ዋጋውን ይጠይቃል፤ ከጠየቀም ዘንድ ከዋጋው ሌላ ብዙ ነገር ይነገረዋል።

ዛሬ ልናገር የደፈርሁት አሳብ አንድ ነው። ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚሰናዳ ወጣት አስቀድሞ የገዛ አገሩን በምድር ተጉዞ ይመልከት፤ ወላጆቹም ይህን ጉዞ ከትምህርቱ እንደ አንዱ ክፍል ቈጥረው ይፍቀዱለት እላለሁ። ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ስለ ሕዝቡ የሚጽፍ ሹምም ከዚህ ምክር ውጭ አይደለም፤ ስለ እርሱ ኋላ እመለስበታለሁ።

ውጭ አገር የደረሰ ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠየቀው ስለ ተማረው ትምህርት ሳይሆን ስለ መጣበት አገር ነው። ወንዞቻችሁ ወዴት ይፈስሳሉ? ስንት ቋንቋ ትናገራላችሁ? ገበሬው በምን ያርሳል? ሙሽራ እንዴት ይዳራል? ይባላል። በዚህ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ከመጽሐፍ ያነበበውን፣ ያውም ፈረንጅ የጻፈውን፣ መልሶ ለፈረንጅ ይነግራል።

የዚህን ተቃራኒ ያደረጉ አንድ መንገደኛ በታሪካችን እናገኛለን። እኒህም የቤተ አማራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1649 ዓ.ም. በሮም ከተማ በነበረው የኢትዮጵያውያን ቤት ሳሉ፣ ገና የ25 ዓመት ወጣት የነበረ ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ መጥቶ ተዋወቃቸው። ከሦስት ዓመት በኋላም፣ በ1652 ዓ.ም.፣ ጎታ ወደምትባለው የጀርመን ከተማ ተጋብዘው ሄዱ። በዚያም ሉዶልፍ ስለ አገራቸው ተራራና ወንዝ፣ ስለ እንስሳቱ፣ ስለ ነገሥታቱና ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት እየጠየቀ፣ እሳቸውም እየመለሱ ብዙ ሰንብተዋል። ሉዶልፍ በ1681 ዓ.ም. ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ከእኒህ ሰው አፍ በተገኘ ዕውቀት የተሞላ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 ዓ.ም. በመርከብ አደጋ ስለ ሞቱ መጽሐፉን አላዩትም። እንግዲህ እኒህ ካህን ጀርመን አገር ሲደርሱ በሻንጣቸው የያዙት ሀብት ብዙ አልነበረም፤ ያገራቸው ነገር ግን በልባቸው ነበረ፤ ስለዚህም አውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የተማረው ከእሳቸው ነው።

በእኛም ዩኒቨርሲቲ ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥቶ እንዲያገለግል የሚያዝ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ አብዛኞቹም በየትምህርት ቤቱ መምህራን ሆነው ሠርተዋል። ያ ደንብ ዛሬ የለም። እርግጥ ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪውን ከ40 በላይ በሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚደለድል ብዙ ልጅ ከቤቱ ርቆ መማሩ አልቀረም። ነገር ግን ግቢ ማለት በአጥር የተከበበ ሌላ ከተማ ነው። ጅማ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ቡና ሲለቀም ሳያይ ተመርቆ የተመለሰ ሰው ብናገኝ ሊገርመን አይገባም።

አሁን ለምሳሌ ያህል ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ያለውን መንገድ እንውሰድ፤ ርቀቱ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አዳማን አልፎ መተሐራ ሲደረስ መንገዱ በውሃ መካከል ይሄዳል። ይህ ውሃ የበሰቃ ሐይቅ ነው። ከ60 ዓመት በፊት ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከ10 እጥፍ በላይ ሰፍቶ እርሻውንም የግጦሹንም መሬት ውጦታል። በመንገድ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በመስኮቱ እያመለከቱ «ልጄ፣ እኔ በልጅነቴ ከብት የጠበቅሁበት ሣር ከዚህ ውሃ ሥር ነው» አሉኝ። «ታዲያ አባባ፣ ውሃው ከየት መጣ?» ብላቸው፣ «እሱንማ እናንተ የተማራችሁት ንገሩን እንጂ!» ብለው ሳቁብኝ። ሊቃውንቱም ቢሆኑ በዚህ ነገር አልተስማሙም፤ ከፊሎቹ ከመስኖ እርሻ የሚሰርገው ውሃ ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ ከምድር ውስጥ ከሚፈልቀው ሙቅ ውሃና ከስምጥ ሸለቆው መንቀሳቀስ ጋራ ያያይዙታል። ውሃውም ጨው ስላለበት ለመጠጥም ለእርሻም የሚሆን አይደለም። ይህን ሁሉ በአውቶቡሱ ውስጥ ከነበሩት ወጣቶች አብዛኞቹ ተኝተው አለፉት።

ከሐይቁ በላይ የሚታየው ተራራ ፈንታሌ ነው፤ እሳተ ገሞራ ነው። በ2017 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ ምድር ደጋግማ እየተንቀጠቀጠች በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። በአዲስ አበባ በፎቅ ቤት የሚኖረው ሰው ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ ደንግጦ ተነሥቶ፣ «ፈንታሌ የት ነው?» ሲል ጠየቀ። መንገደኛ የሆነ ሰው ግን ይህን አልጠየቀም።

አዋሽ ከተማ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ሰሜን የሚታጠፈው ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወስደው ሲሆን፣ የአገራችን የውጭ ንግድ አብዛኛው የሚመላለስበት ነው። ተጐትተው የሚሄዱትን የጭነት መኪኖች ሰልፍ ያየ ሰው፣ «ዕቃው ከወደብ ዘገየ» የሚለውን ደብዳቤ ሲያነብ ሾፌሩም ሙቀቱም ይታዩታል። ወደ ምሥራቅ የሚቀጥለው ደግሞ ወደ ጨርጨር ደጋ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ማሽላና ጫት የተዘራበት እርከን፣ ጠመዝማዛ ቍልቍለትና ዳገት ነው። ደንገጎ ላይ ወደ ግራ የታጠፈ ድሬዳዋ ይወርዳል። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልተቻለው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደርሶ ቆመና በዚያ ከተማ ተቈረቈረ። በከተማዋ መካከል የሚያልፈው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ወንዝ ነው ቢሉት እንግዳ አያምንም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ከደጋው የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ስለዚህ በቆላ አገር የሚጓዝ ወጣት ሰማዩ ጠራ ብሎ በደረቅ ወንዝ ውስጥ አይደር፤ ዝናቡ ከማይታየው ተራራ ላይ ይዘንባልና።

ሐረር እንግባ። ስለ ጀጎል ግንብና ስለ አምስቱ በሮቹ፣ ስለ ጅቡም ነገር ብዙ ተነግሯል፤ እኔ አልጨምርበትም። መናገር የምወደው ስለ ቤቱ ነው። የሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉ፤ ቁመታቸውም ቦታቸውም ይለያያል፤ እያንዳንዱም ለማን እንደሚሆን የታወቀ ነው። የአሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ ጌታ የሚቀመጥበት ነው። ከከተማ የሄደ ጐበዝ ጫማውን አውልቆ ከገባ በኋላ ባዶ ያገኘው ቦታ ላይ ሄዶ ቢቀመጥ ማንም አይቈጣውም፤ የአገሩ ጨዋነት አይፈቅድምና። ነገር ግን ቤቱ ሁሉ ማን እንደ መጣ ዐውቋል። ያልተማረ እንግዳ መጥቷል! ስለዚህ መንገደኛ ቆሞ ይጠብቅ፤ ቦታውን እስኪያሳዩትም ድረስ ዐይኑን ከግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ስፌትና ሳሕን ላይ ያሳርፍ።

በዚህም ቤት የወለሉ ቀለም ቀይ ነው። ለምን ቀይ ሆነ ብሎ የጠየቀ እንግዳ፣ በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው እየተባለ ሲተረክ ይሰማል። ጨለንቆ በ1879 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው የሸዋ ንጉሥ ምኒልክ ጦር የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል ያደረገበት ስፍራ ነው፤ አውቶቡሱም በመሐሉ አልፎ መጥቷል። ከመካከላችን ብዙዎቹ ይህን ውጊያ የምናውቀው በትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ በአንድ መስመር፣ ያውም በድል ስም ነው። እዚያ ቤት ግን የቤተ ሰብ ኀዘን ነው፤ ሲነገርም በቀስታ ነው የሚነገረው። እንግዲህ በዚህ ጊዜ እንግዳው ምን ያድርግ? አንዳንዱ ወጣት ያነበበውን አስታውሶ ይከራከራል፤ ሌላው ደግሞ ያልተጠየቀውን ይቅርታ ለመለመን ይቸኵላል። በእኔ ግምት ሁለቱም እንግድነቱን ይረሳሉ። የቀረበለትን ቡና እየጠጣ መስማት፣ ያልገባውን መጠየቅ፣ የሰማውንም እንደ ሰማው ወደ ቤቱ ይዞ መመለስ ይበቃዋል። አገር የምንለው ነገር በአንድ ወገን መጽሐፍ ብቻ እንዳልተጻፈ ወጣቱ የሚገባው በክርክር አዳራሽ ሳይሆን በእንዲህ ያለው መደብ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ይህንንም ሳያውቅ ሹመት ላይ ቢደርስ በሕዝብ ላይ ጉዳት ማድረሱ አይቀርም።

ስለ ሹመት ካነሣሁ ዘንድ፣ የመስክ ሥራ የሚባለውን ጉዞ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። መኪናው ከመሥሪያ ቤት ይወጣል፤ መስኮቱ አቧራ እንዳይገባ ይዘጋል፤ ስብሰባው በወረዳው አዳራሽ ይደረጋል፤ ምሳው ከተሰብሳቢዎቹ ጋራ ሳይሆን ለእንግዶች በተዘጋጀው ክፍል ይበላል፤ የውሎ አበሉም ይፈረምበታል። ሪፖርቱ ግን «ከኅብረተሰቡ ጋራ ሰፊ ውይይት ተደርጓል» ይላል። በዚሁ ጉዞ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ገበያ ውስጥ ያለ አጃቢ መዘዋወር ማንንም ከሥራው አያስቀርም። ገበያተኛዋን «እማማ፣ ይህ ጤፍ ከየት መጣ? ዐምና ስንት ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሠራተኛ ከአዳራሹ የማያገኘውን መልስ ያገኛል። በኦሮሞ አገር ሽማግሌውን ኦቦ ብሎ ጠርቶ፣ ሲሰናበትም ገለቶማ ብሎ ምስጋናውን በቋንቋቸው የሚያቀርብ ሹም፣ ቋንቋውን አያውቀውም ቢባል እንኳ ፊት አይነሣም።

ወላጆች የሚፈሩት ነገር እንዳለ ዐውቃለሁ፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። በአሁኑ ጊዜ ሰላም ያልሰፈነበት መንገድ ብዙ ነው፤ ትናንት ደኅና የነበረውም ዛሬ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሐረር ይሂድ ስል ምሳሌ ማቅረቤ እንጂ ማንንም በግድ ወደዚያ መምራቴ አይደለም። ከመነሣት በፊት መናኸሪያ ድረስ ሄዶ፣ ከአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን በዚያው ሳምንት ከተመለሱት ሾፌሮችና ረዳቶች ከሁለት ሦስቱ መጠየቅ፣ ሌሊት አለመጓዝ፣ የሚያድሩበትንም ቤት ለቤተ ሰብ አስታውቆ መሄድ ይገባል። መንገዱ ደኅና አይደለም ከተባለ ጉዞውን ማስቀረት ነው፤ ይህ ፈሪነት አይባልም። ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚሆን ገጠርም አገር ነው። ሴት ልጅም ከወንድሟ ያነሰ አገር ልታይ አይገባትም፤ ከጓደኞቿ ጋራ፣ ከዘመድ ወይም ከታወቀ ቤተ ሰብ ዘንድ እንድታርፍ አድርጎ መላክ ይቻላል። ወንዱን ብቻ ለቆ እኅቱን ማስቀረት መንገዱን ለአንዱ ብቻ ደኅና አያደርገውም።

ስለ ስንቅና ስለ ልብስ ብዙ አልናገርም፤ እናቶች ያውቁበታል። ገንዘብ ግን በአንድ ኪስ አይቀመጥ። ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት ነውር መሆኑንም ወጣቱ ቢሰማው ደስ አይለውም እንጂ ሊነገረው ይገባል። ሌላው የሰዓት ነገር ነው። በባቡርም ሆነ በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው የቲኬቱ ሰዓት ብዙ ጊዜ በፈረንጆች አቈጣጠር እንደሚጻፍ ያስታውስ፤ 7 ሰዓት የሚለው ከጧቱ አንድ ሰዓት መሆኑን ሳያስተውል ቀርቶ፣ ምሳውን በልቶ ጣቢያ ሲደርስ ባቡሩ ያመለጠው ሰው ብርቅ አይደለም። ለእኔም የተሰጠኝ ደቂቃ ስላለቀ በዚሁ እሰናበታችኋለሁ።