ምሽቱን ለምሽትነቱ እንተውለት
(በመቐለ፣ በዓዲ ሓቂ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ዲስኩር)



ንግግሬን በሰዓታችን ልጀምር። አብዛኛው ዓለም ቀኑን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ተነሥቶ ነው። እኛ የምንቆጥረው ከፀሐይ ነው፤ ጎህ ሲቀድ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ወጥታ ትንሽ ከፍ ስትል 1 ሰዓት እንላለን። መቐለ ላይ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ አቆጣጠር ከበጋ እስከ ክረምት ብዙ አይዛነፍም። ሰውነታችንም በውስጡ ሰዓት አለው፤ እሱም የሚስተካከለው በብርሃንና በጨለማ ነው። ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ላሳስባችሁ ነው፦ አፋችን ሰዓቱን ከፀሐይ ይቆጥራል፤ ዓይናችን ግን ከስክሪን መቁጠር ጀምሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ዴቪድ በርሰንና ባልደረቦቹ በአይጦች ዓይን ላይ ባደረጉት ምርምር፣ በዓይን ጀርባ ካሉት የማየት ሕዋሳት ሌላ፣ ብርሃንን በራሳቸው የሚያውቁ ጥቂት ሕዋሳት መኖራቸውን አሳዩ። እነዚህ ሕዋሳት በእኛም ዓይን ውስጥ አሉ። ዋና ሥራቸው መንጋቱንና መምሸቱን ለአንጎል መንገር ነው። አብልጠው የሚነቁት ደግሞ በሰማያዊ ብርሃን፣ 480 ናኖሜትር አካባቢ በሆነው የሞገድ ርዝመት ነው። ይህ ብርሃን በቀን ከሰማይ ይወርዳል፤ በስልክና በላፕቶፕ ስክሪን ውስጥም በብዛት አለ። ሕዋሳቱ ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኙ «ገና ቀን ነው» ብለው ይመሰክራሉ፤ አንጎልም «መሽቷል» ብሎ ለመላ አካል የሚያውጀውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ያዘገየዋል።

በቦስተን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ይፋ የሆነ ጥናት ይህንን በሰው ላይ ለክቶታል። 12 ወጣቶች ለአምስት ምሽቶች፣ በየምሽቱ ለአራት ሰዓት ከሚያበራ ታብሌት አነበቡ፤ በሌሎች አምስት ምሽቶች ደግሞ ከወረቀት መጽሐፍ። በታብሌቱ ምሽቶች ሜላቶኒናቸው ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው በአማካይ 10 ደቂቃ ያህል ዘገዩ፤ የሰውነታቸው ሰዓትም በማግስቱ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ኋላ ቀረ። አሥር ደቂቃው ትንሽ ሊመስል ይችላል። የሚጎዳው ግን ሰዓቱ መዛነፉ ነው፤ ሰውነት ገና ሌሊት ላይ ሳለ የጠዋት ክፍል ይገባል።

አሁን ወደ ዶርማችን እንምጣ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። መብራቱ ጠፍቷል፤ በተደራራቢዎቹ አልጋዎች ላይ ግን የተማሪዎቹ ፊት በየብርድ ልብሱ ውስጥ ደብዘዝ ባለ ሰማያዊ ብርሃን ይታያል። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ከቀኑ ስለሚረክስ፣ የሚወርደው ፋይልም የሚታየው ቪዲዮም እስከዚያ ሰዓት ተጠብቋል። ስልኩ ከፊት አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። ይህን የስንፍና ምልክት አድርጌ አላየውም፤ ኪሱን የሚቆጥብ ተማሪ ያወጣው ስሌት ነው። ሆኖም ከብር የሚቆጠበውን ያህል ከእንቅልፍ እየተከፈለ ነው።

ስልክን ጣሉ ልላችሁ አልመጣሁም። በዚህች ከተማ ማንም እንዲህ ሊል አይችልም። በትግራይ ጦርነት ዓመታት ስልክና መብራት ተቋርጦ፣ ሰው የወንድሙን መኖር አለመኖር ሳያውቅ ወራት ቆጥሯል። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት በኋላ መስመሩ ሲመለስ በየቤቱ የተሰማው ልቅሶና እልልታ ገና ከጆሯችን አልወጣም። ያ ጊዜ ሌላም ነገር አስተምሮናል፤ ጨለማ ብቻውን እንቅልፍ አያመጣም። ሥጋትና ኀዘን ያለበት ሰው ስክሪኑን ቢያጠፋም ነቅቶ ሊያድር ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው መካሪ ወይም ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባዋል፤ መሄዱም ነውር የለበትም።

ለሌሎቻችን ግን መፍትሔው በእጃችን ነው። አንደኛ፣ በስልካችሁ ላይ ያለው የማታ ቀለም ስክሪኑን ወደ ቢጫ ያደርገዋል፤ ይጠቅማል፤ ብሩህነቱን ካልቀነሳችሁ ግን በቂ አይደለም። ሁለቱንም አብራችሁ አድርጉ። ሁለተኛ፣ የሌሊት ጥቅሉን ተጠቀሙበት፤ ስልኩ የምትፈልጉትን እንዲያወርድ አዛችሁ ተኙና ጠዋት አንብቡት። ሦስተኛ፣ ማንቂያውን ሞልታችሁ ስልኩን ከአልጋ ራቅ አድርጋችሁ ሰኩት፤ ቢያንስ የመጨረሻዋ ሰዓት የወረቀት ማስታወሻ ወይም የጨዋታ ትሁን። ዓይንን ከሚያነቃው ብርሃን ሌላ፣ ልብን የሚያነቃ ወሬና ክርክርም በስክሪኑ ውስጥ ስላለ፣ ሁለቱም በአንድ ላይ ይርቁላችኋል።

አራተኛውን በመጨረሻ ያስቀመጥሁት ስለማከብረው ነው። ጠዋት ውጡ። የክፍል መብራት ቢበዛ ጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ነው፤ የውጭው ፀሐይ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ጠዋት ብርሃን የጠገበ ዓይን ማታ በስክሪን ብርሃን በቀላሉ አይታለልም። ይህ መድኃኒት በመቐለ ሰማይ ላይ በነጻ ይገኛል።

እንግዲህ አደራዬ ይህ ነው። ቀናችንን ለፀሐይ ከሰጠን፣ ምሽታችንንም ለጨለማ እንስጠው። ዛሬ ማታ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ፣ ከመተኛታችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ስልኩን አስቀምጡት። ለአንድ ሳምንት ሞክሩትና ጠዋታችሁን እዩት።