መሬቱ ለምን ሥራ ተመደበ?

በአቃቂ በሰቃ አካባቢ ለሚገኙ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



እንደ ልማዳችን ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ብንነጋገር ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከዘር የሚቀድም ነው፤ እርሻው ከሌለ ዘሩ የት ይወድቃል? እኔ በእርሻ ኮሌጅ የተማርሁት ስለ አፈርና ስለ ሰብል ነው፤ የሕግ ዐዋቂ አይደለሁም። ሆኖም በዚህ አገር ስዘዋወር ስለ ተባይ ከሚጠይቀኝ ይልቅ ስለ ፕላን የሚጠይቀኝ ስለ በዛ፣ የማውቀውን ላካፍላችሁ ተነሣሁ።

አቃቂን ታውቋታላችሁ። የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ካለፈባት ወዲህ ፋብሪካው ባቡሩን፣ ቤቱም ፋብሪካውን እየተከተለ መጥቷል። ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት ጥቁር ዋልካ ግን አልሰፋም። በወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ከመሬቱ በታች ደግሞ አዲስ አበባ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ አለ። የፋብሪካ ፍሳሽ በአቃቂ ወንዝ ሲወርድ አትክልቱን እንደሚበክል ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። እንግዲህ ፋብሪካው፣ ጎመኑና የመጠጥ ውሃው እንዳይጎዳዱ፣ የትኛው ስፍራ ለምን ሥራ እንደሚውል አስቀድሞ መወሰን ግድ ነው። የመሬት አጠቃቀም ፕላን የሚባለው ይኸው ነው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ሁለት ዓይነት ፕላን ያውቃል። መዋቅራዊ ፕላን ከተማውን በሙሉ ይዞ፣ ይህ ለመኖሪያ፣ ይህ ለንግድ፣ ይህ ለማምረቻና ለማከማቻ፣ ይህ ለአረንጓዴ ስፍራ ብሎ ይመድባል። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወደ ሰፈር ወርዶ የመንገዱን መስመርና የሕንፃውን ከፍታ ይወስናል። የአዲስ አበባው መዋቅራዊ ፕላን በ2009 ዓ.ም. ጸድቆ ለዐሥር ዓመት የታሰበ ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር እንድትይዙልኝ እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፤ ሕጉ ሕንፃን የሚለየው በሚሰጠው አገልግሎት ጭምር ነው። ለምሳሌ በማሳችሁ ዳር የቆርቆሮ ጎተራ ብትሠሩና ጤፍ ብታስገቡበት፣ የእርሻ ቤት ነው። ያንኑ ጎተራ ለብየዳ ሠራተኛ ብታከራዩት ግን ግድግዳው ሳይነካ ወርክሾፕ ሆነ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ከሁለት ፎቅ በታች የሆነውን የግል መኖሪያ በምድብ «ሀ»፣ ፋብሪካንና ወርክሾፕን ግን ቁመታቸው ቢያንስም በምድብ «ሐ» አስቀምጦ ነበር። ስለዚህ «ቤቱ ያው ነው» ማለት አያድንም፤ አገልግሎቱን ከመለወጣችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

አንድ የማውቃቸው አዛውንት ልጃቸው ጎጆ ሊወጣ ሲል፣ በሽምብራ ማሳቸው ላይ ሳይጠይቁ መሠረት አስቆፈሩ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃልና ግድግዳው በዓመቱ ተተረተረ። እርሱን ጠግነው ሳይጨርሱ ስፍራው የመንገድ መስመር ሆኖ ተገኘ፤ ቤቱም እንደ ጨረቃ ቤት ተቆጥሮ ፈረሰ። የሽምብራው ምርት ቀረ፣ የቤቱም ገንዘብ ቀረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው እውነት ነው።

ሁለተኛ፤ በፕላን ላይ የተቀባ ቀለም የመነሻ ትእዛዝ አይደለም። ደላላ መጥቶ «መሬትህ መንገድ ገብቶበታል፤ ሳይወሰድብህ ሽጠው» ቢላችሁ አትስሙት። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ገበሬውም ከይዞታው እንዳይነቀል ጥበቃ ሰጥቶታል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግም ሥርዓት አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባለይዞታው አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያውቀውና ካሳ እንዲከፈለው አዟል። ምትክ መሬት ሳይሰጠው ለዘለቄታው የሚነሣ ገበሬ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ገቢ የበለጠው ተወስዶ በዐሥራ አምስት ተባዝቶ እንዲከፈለው ደንግጓል። ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ ስለ ወጣለት፣ አሁን የሚሠራበትን ጽሑፍ ከወረዳው ጠይቃችሁ አስነብቡ።

ከዚህ የምንማረው ነገር ቀላል ነው። በየዓመቱ ያገኛችሁትን ኩንታል፣ የሸጣችሁበትን ዋጋ፣ የጭዱን ሳይቀር በደብተር ጻፉ። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉት ልጆቻቸው ይጻፉላቸው። ያልተጻፈ ምርት በግምት ይታሰባል።

ሦስተኛ፤ ፕላን ሲዘጋጅ ዝም አትበሉ። አዋጁ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው ፕላን ዘመኑ ሲሞላ ሌላ ይተካዋል። ስብሰባ ሲጠራ «ሥራ በዛብኝ» ብላችሁ አትቅሩ። የትኛው ማሳ ጥልቅ ዋልካ እንደ ሆነ፣ የትኛው ድንጋያማ እንደ ሆነ፣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ፋብሪካው ከጤፍ መሬት ላይ ተነሥቶ ወደ ድንጋያማው ይሂድ ብሎ መናገር የሚችለው መሬቱን ያረሰው ሰው ነው።

እናንተም የልማት ሠራተኞች፣ ገበሬው ቤት ሊሠራ ወይም ባሕር ዛፍ ሊተክል ሲያስብ አስቀድማችሁ ሦስት ጥያቄ አስጠይቁት። መሬቱ በማን አስተዳደር ነው? በ2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ስለ ተወሰነ፣ አንዱ ማሳ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ሌላው በሸገር ከተማ ሊሆን ይችላል። በፕላኑ ላይ ለምን ሥራ ተመድቧል? ያሰበውን ለመሥራትስ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበል፤ ወረቀቱንም ከይዞታ ማስረጃው ጋር ያኑር።

ወገኖቼ፣ በሬ ከመጥመዳችን በፊት ሰማዩን እንደምናይ፣ መሠረት ከመቆፈራችን በፊት ፕላኑን እንይ።