ነፋስና ጎተራው
(በባምባሲ ለእርዳታና ለማቋቋሚያ ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



ስለ ነፋስ ኃይል በባምባሲ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። እንደሚታወቀው በአገራችን ከነፋስ ኤሌክትሪክ የሚመነጭባቸው ሥፍራዎች ከዚህ እጅግ የራቁ ናቸው። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና 51 ሜጋዋት አቅም ያለው አዳማ አንድ፣ በ2006 ዓ.ም. በመቀሌ አጠገብ የተመረቀው 120 ሜጋዋቱ አሸጎዳ፣ ቀጥሎም በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው 153 ሜጋዋቱ አዳማ ሁለት የተተከሉት ነፋሱ ጠንካራ በሆነበት የምሥራቅና የሰሜን አፋፍ ላይ ነው። የምዕራቡ ነፋስ ግን ለዘብ ያለ ነው። ይሁንና «በየሠፈራ መንደሩ አንድ አንድ የነፋስ መዘውር ቢተከል ከናፍጣ ወጪ በተገላገልን» የሚለው አሳብ በየስብሰባው ስለሚነሣ፣ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

መሐንዲስ አይደለሁም፤ ስለዚህ በእናንተው ሙያ ቋንቋ ልናገር። የእህል መጋዘን የሌለው የእርዳታ ጣቢያ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መኪናው በደረሰበት ዕለት ሁሉም ይጠግባል፤ በዘገየበት ሳምንት ሕፃናት ይጎዳሉ። ነፋስም እንደዚሁ ነው። በፈለገው ሰዓት ይመጣል፣ በፈለገው ሰዓት ይሄዳል። ከዚህም በላይ ኃይሉ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ያሽቆለቁላል። በሰከንድ 6 ሜትር በሚነፍስበት ቦታ ስምንት ፓምፕ የሚያንቀሳቅስ መዘውር፣ 3 ሜትር በሚነፍስበት ቦታ አንዱን ብቻ ያንቀሳቅሳል ማለት ነው። ስለሆነም መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ኃይሉን ከየት እናምጣ?» የሚለው ሳይሆን «የመጣውን የት እናስቀምጠው?» የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ለባምባሲ የቅንጦት አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ወደውም ሆነ ሳይወዱ የመጡ ሰዎች በአሶሳ ዙሪያ ሰፈሩ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ከሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት የሸሹ ሰዎች የሚጠለሉበት ካምፕ እዚሁ ባምባሲ ተከፈተ። የሁለቱ ታሪክ የተለያየ ቢሆንም በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ሆኖ ይደርሳል፣ ውሃ ግን አብሮት አይመጣም።

እስቲ 5,000 ሰው ያለበትን አንድ መንደር በአሳብ እንውሰድ። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢመደብ ለመንደሩ በቀን 100 ሜትር ኩብ ውሃ ያስፈልጋል። ውሃው ከ40 ሜትር ጥልቀት ይሳባል ቢባል፣ በፓምፑና በቧንቧው የሚባክነውን ጨምሮ በቀን ወደ 22 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይፈጃል። አሁን ነፋስም ፀሐይም ለሦስት ቀን ጠፋ እንበል። ለእነዚህ ቀናት የሚበቃውን ኃይል በተለመዱት የሊድ ባትሪዎች እናስቀምጥ ብንል፣ ባትሪው ከግማሽ በታች እንዲወርድ ስለማይመከር፣ ባለ 12 ቮልትና ባለ 200 አምፔር ሰዓት የሆኑ 55 ያህል ባትሪዎች መደርደር አለብን። ሙቀትም የእነዚህን ባትሪዎች ዕድሜ በብርቱ ያሳጥራል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው በግማሽ ያህል ይቀንሳል ይባላል። የሊቲየም ባትሪ የተሻለ ዕድሜ አለው፤ ሲበላሽ ግን በገጠር የሚጠግነው ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በአንጻሩ 300 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማጠራቀሚያ በጉብታ ላይ ብንሠራ፣ ያንኑ የሦስት ቀን ኃይል በውሃ መልክ አስቀመጥን ማለት ነው። ግንበኛው የአገራችን ሰው ነው። የሚያስፈልገውም ማጽዳት፣ ክሎሪን መጨመርና የሚያፈስ ቧንቧ መጠገን ነው።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በታችኛው ኦሞ ወንዝ ዳር፣ የሸራ ክንፍ የተገጠመላቸው መዘውሮች ከወንዙ ውሃ እየሳቡ እርሻ ያጠጡ ነበር፤ የእንግሊዙ መሐንዲስ ፒተር ፍሬንክልም ስለዚህ ሥራ መጽሐፍ አሳትሟል። እዚያ ባትሪ አልነበረም። ነፋሱ ሲቆም የጠጣው መሬት ለተክሉ እርጥበቱን ይዞ ይቆይ ነበር።

ለጤና ጣቢያም ተመሳሳይ መንገድ አለ። ከፀሐይ ብርሃን በቀጥታ የሚሠሩ የክትባት ማቀዝቀዣዎች ቀን ኃይሉን በረዶ አድርገው ያስቀምጡና ሌሊቱን በዚያ ያሳልፋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት እነዚህ ማቀዝቀዣዎች ኃይል በተቋረጠባቸው ቢያንስ ሦስት ቀናት ክትባቱን ከብልሽት እንዲጠብቁ ይጠይቃል። ባትሪን የግድ የሚያሰኘው ማዋለጃ ክፍሉ ነው፤ የሌሊት መብራት በጋንም በበረዶም አይቀመጥምና። እዚያ ገንዘብ አይቆጠብ።

ወደ ትልቁ ጎተራ ልመለስ። በደቡብ አውስትራሊያ ከሆርንስዴል የነፋስ ጣቢያ ጎን በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባትሪ ሲመረቅ በዓለም ትልቁ ተብሎ ነበር። በዚያን ጊዜ አቅሙ 100 ሜጋዋት፣ ይዞታው 129 ሜጋዋት ሰዓት ስለነበር፣ በሙሉ ኃይሉ ቢለቀቅ ከአንድ ሰዓት ከሩብ እምብዛም አያልፍም ነበር። ባትሪ የደቂቃና የሰዓት ጉድለትን ይሞላል እንጂ የወራትን አይሞላም። የእኛ ጉድለት ግን የወራት ነው። የግድቦች ውሃ በመቀነሱ በ2001 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሲታደል እንደነበር የማያስታውስ የለም።

መልካሙ ነገር፣ ወንዞቻችን በሚቀንሱበት በበጋ ወራት በአዳማና በአሸጎዳ ነፋሱ ይበረታል። በዚያን ጊዜ ከነፋስ የተገኘው እያንዳንዱ ሜጋዋት በግድብ ውስጥ ያለ ውሃ ሳይለቀቅ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ነፋሱ ሲወድቅ ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀቃል። በዚሁ ክልል በጉባ የተሠራውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝና 5,150 ሜጋዋት አቅም ያለው ነው። ስለዚህ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የነፋስ መዘውር ባይተከልበትም የነፋስ ጎተራ አለው ብል ማጋነን አይሆንም።

ጎተራ ያለ መንገድ ግን አይጠቅምም። በኬንያ የቱርካና ሐይቅ 310 ሜጋዋት የነፋስ ጣቢያ ተርባይኖቹ ተተክለው ካለቁ በኋላ የማስተላለፊያ መስመር ባለመድረሱ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ሥራ ቆመው ነበር፤ የተገናኙት በ2011 ዓ.ም. መስከረም ነው። እኔ በሥራዬ የምረቃ ዜና ደጋግሜ ጽፌአለሁ። የምረቃ ዜና ለመጻፍ ቀላል ነው፤ ሪባኑ አለ፣ ጭብጨባው አለ። የተበጠሰ ቀበቶ ስለ መቀየሩ ዜና ጻፍ ያለኝ አለቃ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

በመሆኑም በባምባሲ ላላችሁ የሥራ ጓዶች የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። መስመር ሊደርስ በሚችልበት መንደር ገንዘቡ ለትራንስፎርመርና ለምሰሶ ይዋል። መስመር በቅርቡ በማይደርስበት፣ ሞተሩ በናፍጣም ሆነ በፀሐይ ይሥራ፣ አስቀድሞ የሦስት ቀን ማጠራቀሚያ ይገንባ። የነፋስ መዘውር እንትከል የሚል ለጋሽ ከመጣ፣ በዚያው ጉብታ ላይ ዓመቱን ሙሉ የተለካ የነፋስ መዝገብ እንዲያሳይ ይጠየቅ። ከመጪው ክረምት በፊትም እያንዳንዱ ጣቢያ አሁን ያለው ማጠራቀሚያ ፓምፑ ቢቆም ለስንት ቀን እንደሚበቃ ቆጥሮ በወርሃዊ ሪፖርቱ እንዲያሰፍር አሳስባለሁ። ቁጥሩ ከአንድ ቀን በታች የሆነበት መንደር ካለ፣ ወሩን ሳይጠብቅ በዚያው ሳምንት ይላክልን።