ልጆቻችን ከጫካው ይማሩ
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንድ መምህር የተደረገ ንግግር)



ሊቀ መንበራችን የፈቀዱልኝ አሥር ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ ነገር አላበዛም። ጉዳዩን ታውቁታላችሁ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉት ልጆች በሳምንት አንድ ቀን፥ ዓርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፥ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ይማሩ ብለን እኛ መምህራን ሐሳብ አቅርበናል።

ይህ በተሰማ ማግስት አንዲት እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። «መምህር፥ እኔ ከዚያ ተራራ እንጨት ተሸክሜ ስወርድ ወገቤ የጎበጠው ልጄ ጫካ እንዳትገባ ብዬ ነው። እርስዎ ደግሞ መልሰው ሊያስገቧት?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእንጦጦን ዳገትና ሸክም የማያውቅ እዚህ ማን አለ? መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። ዛሬ የምናገረው ያን ቀን ያልመለስኩትን ነው።

ልጅቷ ጫካ የምትገባው ልትሸከመው ሳይሆን ልታውቀው ነው።

ከደጅ መማር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ፊደል የቆጠሩት ከየኔታ እግር ሥር፥ በቤተ ክርስቲያን ዛፍ ጥላ ነበር። ግን ዛፉ ጥላ ሆነን እንጂ ትምህርት አልሆነንም። አሁን የምንለው ዛፉም ራሱ መጽሐፍ ይሁን ነው።

እስቲ አንድ የሒሳብ ትምህርት ላሳያችሁ። ሜዳ ላይ የአንድ ሜትር ዱላ ትክላለህ፤ ጥላው 50 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል። በዚያው ሰዓት የባሕር ዛፉን ጥላ ስትለካ 9 ሜትር ቢሆን፥ ዛፉ ስንት ሜትር ነው? 18! ልጁ ይህን ወጥቶ ሳይወጣ፥ ገመድ ሳይጥል፥ በራሱ እጅ ለክቶ ሲያገኘው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ሳይንሱም እንዲሁ ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባ ሲሆን፥ ትውልዱ አውስትራልያ ነው። ጽድ፥ ወይራና ኮሶ ግን የአገራችን ናቸው። ልጆቹ ከባሕር ዛፍ ሥርና ከጽድ ሥር የበቀለውን ሣርና ቁጥቋጦ ቆጥረው ያወዳድሩ። ልዩነቱን እኔ ከምነግራቸው ራሳቸው ቢያዩት ይሻላል።

ማየት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥቡ ነበር። ከዚያ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሞቶ አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ያ ቀንድ አውጣ ነው። እንዶድን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ የሞተውን ቀንድ አውጣ ግን ልብ ብሎ ያየ እሳቸው ሆኑ። በዚህ ሥራቸው በ1989 (እ.ኤ.አ.) ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ከባልደረባቸው ጋር ተሸለሙ።

ለጤናም ይጠቅማል። በቻይና ጓንግዡ ከተማ በ12 ትምህርት ቤቶች የተደረገ ጥናት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። በስድስቱ ያሉ የ1ኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ደጅ እንዲውሉ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሩቁን ማየት የተሳናቸው ከእነዚህ 30 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፥ እንደ ወትሮው ከቀጠሉት 40 በመቶ ገደማ ሆኑ። ቀን ብርሃን ለልጅ ዓይን መድኃኒት ነው ማለት ነው። ስልክ ላይ አቀርቅረው ለሚውሉት ልጆቻችን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ቢወድቁስ? ሳማ ቢለበልባቸውስ? ቢጠፉስ?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ለየ8 ልጅ አንድ አዋቂ ይመደባል። ሲገቡም ሲወጡም ይቆጠራሉ። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ይሰበሰባል። የማይታወቅ ፍሬ መቅመስ ክልክል ነው። ዝናብ የጣለ ቀን ክፍል ውስጥ እንውላለን። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥንም ይያዛል።

ከእናንተ የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ አሮጌ ሹራብና የማያዳልጥ ጫማ፤ ለሌለው ልጅ ይሰጣል። ሁለተኛ፥ በወር አንድ ዓርብ አብሮን የሚወጣ አዋቂ ሰው።

በመጨረሻ የራሴን ጉድ ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ ቅጠል ይዞ መጥቶ «ቲቸር፥ ይሄ ምንድነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከኮሌጅ ተመርቄ፥ 14 ዓመት አስተምሬ፥ አላወቅሁትም። ያቺ እናት ግን ገና ከሩቅ አይተው ስሙን ይነግሩት ነበር። እርጥቡ የሚነደው የትኛው እንደሆነ፥ ጢሱ ዓይን የሚያቃጥለው የትኛው እንደሆነ፥ ወተት የሚታጠንበት የትኛው እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ያ ሁሉ ዕውቀት በሸክም የተገኘ ነው። ያለ ሸክም ለልጃቸው ቢያወርሱት ምን አለበት?

እናታችን፥ ዛሬ እዚህ ካሉ፥ የመጀመሪያው ዓርብ አስተማሪ እርስዎ እንዲሆኑ በአክብሮት እለምናለሁ። እኔ ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ እጽፋለሁ።

ውሳኔው የፊታችን እሑድ በወላጆች ድምፅ ይሰጣል። እንዳትቀሩ።